የመቅመቆ ሥር፤ ከአገው ቅቤ እስከ እጅ ሥራ ሳሙና

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በጦር ሜዳና በዐደባባይ ብቻ የተሠራ አይደለም። ቅቤ በሚነጠርበት ጓዳ፣ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ዳር፣ ሸክም በሚወርድበት ገበያም ተሠርቷል። ይሁን እንጂ የጦሩን ታሪክ የሚጽፍ ሲበዛ የጓዳውን የሚጽፍ ጥቂት በመሆኑ፣ ብዙው የቤት ጥበብ ከእናት ወደ ልጅ በቃልና በእጅ ሲተላለፍ ኖሮ፣ ልጅ ሳትማረው በቀረች ጊዜ ያለ ምስክር ይጠፋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከዚሁ ከጓዳ ታሪክ አንድ ትንሽ ሥር ነው። እርሱም መቅመቆ ይባላል። ጥያቄያችንም ይህ ነው፤ ቅቤን ሲያቀልም የኖረው ይህ ሥር፣ ዛሬ በየከተማው በእጅ ለሚሠራው ሳሙና ምን ሊሰጥ ይችላል? (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ የሚሄድ መንገደኛ በመካከል አዲስ ቅዳም ከምትባለው ከተማ ይደርሳል። ከተማዋ በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ የምትገኝ ናት። ስሟ የቅዳሜን ዕለት ይዟል፤ በአገራችንም ሐሙሲት፣ ሮቢት፣ ማክሰኚት፣ ዐርብ ገበያ የሚባሉ ከተሞች መኖራቸው፣ ዕለትና ገበያ ከከተማ ስም ጋር ምን ያህል እንደተቆራኙ ያሳያል። በዚህ ደጋ አገር የሚኖረው የአገው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በእርሻ፣ በከብትና በንብ ርቢ፣ በፈረስም የታወቀ ነው። የምርቱም ዝና በአካባቢው ገበያ ብቻ ተወስኖ አልቀረም፤ እስከ ጎንደር ቤተ መንግሥት ድረስ ተሰምቶ ነበር።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ነው። ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት በአገው ምድር አቋርጦ በኖቬምበር 4 ቀን 1770 ከግሽ ዓባይ ደረሰ። የጉዞውን ታሪክ በአምስት ጥራዝ አድርጎ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዳሞት አገዎች ለጎንደር ከተማ ከብት፣ ማር፣ ቅቤ፣ ስንዴ፣ ቆዳና ሰም እንደሚያቀርቡ፣ ሲመጡም በሺሕና በሺሕ አምስት መቶ ሆነው ሸክማቸውን ተሸክመው እንደሚተሙ ጽፏል። እንግዲህ ከአገው ምድር እስከ ጎንደር ያለውን መንገድ በሐሳቡ የሚከተል አንባቢ አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም። ቅቤ በፀሐይ የሚቀልጥ፣ በቶሎም የሚከፋ ነገር ነው፤ የብዙ ቀን መንገድ በሸክም ሲጓዝ እንዴት ሳይበላሽ ይደርስ ነበር?

ብሩስ ይህንኑ ጥያቄ መልሶታል። አገዎቹ ካሮት የሚመስል፣ መልኩ ብጫ የሆነ፣ መቅመቆ የሚባል ሥር ቀጥቅጠው ጥቂቱን ከቅቤው ጋር ይቀላቅሉታል፤ ቅቤውም በዚህ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ ይቆያል ይላል። አንድ የውጭ አገር ሰው ይህን ያህል ትንሽ ነገር አስተውሎ መጻፉ የሚያስመሰግነው ነው። ለእኛ ግን የበለጠ ዋጋ ያለው፣ ከ250 ዓመት በፊት የአገው ገበሬና ሚስቱ አንድን የምድር ሥር ከቅባት ጋር አዋሕደው በንግድ ሥራ ላይ ያውሉት እንደነበረ ማወቃችን ነው። የሥሩ የመጀመሪያ ተግባር መጠበቅ ነበር፤ ቀለሙ በላዩ የተጨመረ በረከት ነው። ዛሬም በብዙ ቤት ቅቤ ሲነጠር መቅመቆ ወይም እርድ ጣል የሚደረግበት፣ ጣዕሙና መዓዛው እንዲያምር፣ መልኩም ወርቅ እንዲመስል ነው።

ከዚህ ላይ አንባቢ፣ ቅቤና ሳሙናን ምን አገናኛቸው ይል ይሆናል። የሚያገናኛቸው ቅባት ነው። ሳሙና ማለት ቅባት ከጠንካራ አልካሊ ጋር ተገናኝቶ ጠባዩን የለወጠ ነገር ነው። አልካሊውም በጥንት ጊዜ ከአመድ ውሃ ይገኝ ነበር፤ ዛሬ ኮስቲክ ሶዳ የሚባለው ነው። ስለዚህ ቅባትን የሚያቀልም ሥር ያለው ሕዝብ፣ የሳሙናን ቀለም ግማሽ መንገድ ሄዷል ማለት ይቻላል። ነገር ግን ግማሽ መንገድ ብቻ ነው፤ የቀረው ግማሽ ቀላል እንዳልሆነ ወደ ኋላ እናያለን።

አባቶቻችንና እናቶቻችን መንገዱን እስከ መጨረሻ ያልሄዱበት ምክንያት ዕውቀት አንሷቸው አይደለም። ለማጠብ ሌላ መሣሪያ ስለ ነበራቸው ነው። እርሱም እንዶድ ነው። የእንዶድ ፍሬ ደርቆና ተወቅጦ ከውሃ ጋር ሲመታ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፤ በእርሱ የታጠበ ሸማም ነጭ ይሆናል። በእኛ አገር የማጠብ ግቡ ንጣት ነበር። ለበዓል የሚለበሰው ሸማ ነጭ መሆኑ የክብርም የደስታም ምልክት ስለሆነ፣ ማጠቢያውን ማቅለም ማንም አላሰበም፤ ቢያስብም ሥራውን የሚያፈርስ ይመስለው ነበር። ቀለም ሌላ ቦታ ነበረው። ሴቶች የእንሶስላን ሥር ወቅጠው እጅና እግራቸውን ያቀሉበት ነበር። ጸሐፊው በብራና ላይ የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፍ ነበር። ሸማኔውም በነጩ ጥበብ ላይ የጥለቱን ቀይ ያሳርፍ ነበር። እንግዲህ ማጠብ አንድ ጥበብ፣ ማቅለም ሌላ ጥበብ፣ ቅባትን ማሳመር ሦስተኛ ጥበብ ሆነው፣ ሦስቱ በአንድ ቤት እየኖሩ በአንድ ዕቃ ሳይገናኙ ኖረዋል።

በሌላው ዓለም ግን ሳሙናና ቀለም ገና ከመጀመሪያው ጎረቤታሞች ነበሩ። በአንደኛው መቶ ዓመት የነበረው የሮም ጸሐፊ ፕሊኒ፣ ሳፖ የሚባለውን ነገር የጋል ሰዎች እንዳወጡት፣ የሚሠራውም ከሞራና ከአመድ እንደሆነ፣ የሚጠቅመውም ጸጉርን ለማቅላት እንደሆነ ጽፏል። የሳሙና ስም በላቲን መጽሐፍ ሲገባ፣ የገባው እንደ ማጠቢያ ሳይሆን እንደ ጸጉር ማቅለሚያ ነው። የእኛም ሳሙና የሚለው ቃል ከዐረቡ ሳቡን፣ ከላቲኑም ሳፖ ጋር ዝምድና ያለው ነው። ቅቤን በራሷ ላይ ለምታደርግ የአገራችን ሴት፣ ቅባትና የጸጉር ውበት አብረው መነሣታቸው እንግዳ ነገር አይሆንባትም።

በሶርያ የሐለብ ከተማ ሳሙና ሠሪዎች ከወይራና ከጋር ዛፍ ዘይት የሚሠሩት ሳሙና ለወራት ተደርድሮ ሲደርቅ፣ ውጭው ወርቅማ ቡናማ ይሆናል፤ ሲቆረጥ ውስጡ አረንጓዴ ነው። ይህ ቀለም ከውጭ የተጨመረ አይደለም፤ የዘይቱና የጊዜው ሥራ ነው። በምዕራብ አፍሪቃም የሚሠራው ጥቁር ሳሙና ጥቁረቱን የሚያገኘው ከካካዎ ቅርፊትና ከሙዝ ዐይነት ተክል ልጣጭ አመድ ነው። በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማ ደግሞ፣ በ1688 በወጣው የንጉሥ ትእዛዝ መሠረት ሳሙና ከንጹሕ የወይራ ዘይት በቀር በሌላ ቅባት እንዳይሠራ ተከለከለ። በዚያ ከተማ ሰማያዊ ሥር ያለው ዥንጉርጉር ሳሙና ይሠራ ነበር፤ ቀለሙም ከብረት ውሕድ የሚገኝ ነው። ይህ ዝንጉርጉርነት ለዐይን ብቻ አልነበረም። ውሃ የበዛበት ሳሙና ሥሩን ሊይዝ ስለማይችል፣ ገዢው ሥሩን አይቶ ሳሙናው በውሃ ያልተጭበረበረ መሆኑን ያውቅ ነበር። በኋላ ግን ነጋዴዎች ሥሩን በሌላ ዘዴ ማስመሰልን ተማሩ፤ የእውነት ምስክር የነበረው ቀለም የሐሰት መጋረጃ ሆነ። በቅቤ ገበያችን ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትን ቅቤ በቀለም አሳምሮ የሚሸጥ ሲያጋጥም የምናዝነው ሐዘን ከዚህ የተለየ አይደለም።

የሳሙና ሥራ ከልማድ ወደ ሳይንስ የተሸጋገረው ከዚህ በኋላ ነው። በ1791 ፈረንሳዊው ኒኮላ ለብላን ከጨው ሶዳ ለመሥራት የሚቻልበትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ፤ ሳሙና ሠሪም የአመድ ጥገኛ መሆኑ እየቀረ ሄደ። በ1823 ሚሼል ሸቭረል ስለ ቅባት ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቅባት በአልካሊ ሲፈታ ምን እንደሚሆን ገለጠ። የሚያስደንቀው በሚቀጥለው ዓመት ይኸው ሊቅ በፓሪስ የጎብለን ሥጋጃ መሥሪያ ቤት የማቅለሚያው ክፍል ኀላፊ ሆኖ መሾሙ ነው። ሳሙናን ያስረዳን ሰው የቀለምም መምህር ሆነ። በ1856 ደግሞ እንግሊዛዊው ወጣት ዊልያም ፐርኪን የወባ መድኀኒት ሲፈልግ ሐምራዊ ቀለም በሰው እጅ ሠራ። ከዚያም በ1868 ሁለት የጀርመን ሊቃውንት፣ ግሬቤና ሊበርማን፣ ከእንጨት ሥር ይገኝ የነበረውን አሊዛሪን የተባለውን ቀይ ቀለም ያለ ሥሩ መሥራት ቻሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያንን ተክል ለቀለም የሚያለማ ገበሬ ገበያውን አጣ።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። አሊዛሪን አንትራኪኖን ከሚባለው የቀለም ነገድ ነው። የመቅመቆም ሥር ቀለሙን የሚያገኘው ከዚሁ ነገድ ነው። እንግዲህ የኤውሮፓ ሊቃውንት የደከሙበት የቀለም ዘመድ፣ በአገው ምድር ከቅቤ ቅል ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

አሁን ወደ ቀረው ግማሽ መንገድ እንመለስ። ቅቤ የዋህ ነው፤ የተሰጠውን ቀለም እንደ ተሰጠው ይቀበላል። ሳሙና ግን እንደዚያ አይደለም። አልካሊው ብዙ የተክል ቀለም ይለውጣል፣ አንዳንዱንም ያጠፋል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም። እርድ የነካው ነጠላ በሳሙና ሲታሽ ብጫው ወደ ቀይ ቡናማ እንደሚለወጥ፣ ሎሚ ሲነካውም ወደ ብጫነቱ እንደሚመለስ በወጥ ቤት የሠራ ሁሉ አይቶታል። እንዲሁም ሐምራዊ አበባ በገበታ ውሃ ላይ ያማረ ቀለም ቢሰጥም፣ በሳሙና ውስጥ ወደ አመድማ ወይም ወደ ቡናማ ይሄዳል። የቅጠል አረንጓዴም በፀሐይ ብርሃን ቶሎ ይደበዝዛል። ስለዚህ አንድ ሳሙና ሠሪ አበባውን አይቶ ሳሙናው ያንኑ ይመስላል ብሎ ቢጠብቅ ያዝናል።

መቅመቆስ? የአንትራኪኖን ነገድ ቀለሞች በገለልተኛ ነገር ውስጥ ብጫ ሲሆኑ፣ አልካሊ ሲያገኛቸው ወደ ቀይ እንደሚዞሩ የኬሚስትሪ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ እንዲያውም ይህ ለውጥ ቀለሞቹ መኖራቸውን ለመፈተን ያገለግላል። የመቅመቆ ዘመድ የሆነው የሩባርብ ሥር በእጅ ሥራ ሳሙና ውስጥ ሮዝ መልክ እንደሚሰጥ በሌላው አገር ያሉ ሳሙና ሠሪዎች ሞክረው ያውቃሉ። እንግዲህ በአገው ቅቤ ውስጥ ወርቅ ሆኖ የኖረው ሥር፣ በሳሙና ውስጥ ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቀይ ቡናማ ሊያደላ እንደሚችል መጠበቅ ይገባል። አንዱ ሥር ሁለት መልክ አለው፤ የትኛውን እንደሚያሳይ የሚወስነው የገባበት ቤት ነው።

ለውጥ የማይነካቸው ቀለሞችም አሉ። እነርሱም የምድርና የእሳት ቀለሞች ናቸው። ቀይ አፈር በብረት ምክንያት ቀይ ስለሆነ አልካሊ አያስደነግጠውም። ከሰልም ጥቁር ሆኖ ገብቶ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። በዚህ በኩል የአዲስ ቅዳም አካባቢ ያለውን ሀብት ማስታወስ ተገቢ ነው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ ባለፉት አሥርት ዓመታት ከአውስትራልያ የመጣው ዲከረንስ የተባለው የግራር ዐይነት በገበሬው ማሳ ላይ ተስፋፍቷል። በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ በመካከሉ ይዘራል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉም ወደ ሩቅ ከተሞች ተጭኗል። የከሰሉ ዱቄት የጥቁር ሳሙና ቀለም፣ የእንጨቱም አመድ የጥንት ሳሙና ሠሪዎች አልካሊ ያገኙበት የነበረ ነገር ነው። ኑግ ዘይት፣ የማር ሰምና የከብት ሞራም በጎጃም ምድር እንግዳ አይደሉም። ለሥራው የሚያስፈልገው ዕቃ በአብዛኛው ከደጅ ይገኛል፤ የሚጎድለው የተጻፈ ልምድ ነው።

የተጻፈ ልምድ ምን ያህል እንደሚጠቅም የእንዶድ ታሪክ ያስተምረናል። በ1964 ወጣቱ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ስለ ቢልሃርዝያ በሽታ ሲመረምር፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች በሽታውን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ልብስ አጣቢዎቹ በየዕለቱ የሚያደርጉትን ነገር እርሱ በዓላማ ተመለከተው፤ ተመልክቶም ጻፈው፣ መረመረው። ከእንዶድ የተገኘው መርዝም ለማቶክሲን ተብሎ በእርሱ ስም ተጠራ። በ1989 ከባልደረባው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበለ። የእንዶድን ፍሬ የምትወቅጥ እናት ለብዙ መቶ ዓመታት ነበረች፤ ከአጠገቧ ቆሞ የሚያስተውል ተመራማሪ የተገኘው ግን ያን ጊዜ ነው። ሌሎችም ሕዝቦች የእጅ ጥበባቸውን መዝግበው ለማቆየት ተነሥተዋል፤ የሐለብ ሳሙናና በፍልስጥኤም የሚሠራው የናብሉስ ሳሙና በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብተዋል።

ስለ መቅመቆ ግን የአገዎቹን ጥበብ ከመንገዱ ላይ አንሥቶ የጻፈልን እንግዳ ነው። እንግዳውም የጻፈው ያየውን ያህል ነው። ሥሩ በየትኛው ወር እንደሚቆፈር፣ እርጥብ ወይስ ደረቅ እንደሚሻል፣ ለአንድ ቅል ቅቤ ስንት እንደሚበቃ፣ ከአንድ ቦታ የተቆፈረው ከሌላው ቦታ በቀለም ይለይ እንደሆነ የሚያውቁት በአዊ ቀበሌዎች በሕይወት ያሉ እናቶች ናቸው። ዕውቀታቸውም የሚነገረው በአዊኛ ቋንቋ ነው። ቃሉ ሲጠፋ ነገሩ ይጠፋል፤ ነገሩ ሲጠፋም ቃሉ ባዶ ቅል ይሆናል። ፋብሪካ የሠራው ዘይትና ሳሙና በየሱቁ በሞላበት በዚህ ዘመን፣ ልጅቱ ከእናቷ ጎን ቁጭ ብላ ቅቤ ሲነጠር የምታይበት ሰዓት አጥሯል። ፐርኪን ቀለምን በሠራ ጊዜ የኤውሮፓ ገበሬ ያጣውን ገበያ ልንመልስ አንችልም፤ የእኛን ዕውቀት ግን ሳይጠፋ ልንጽፈው እንችላለን።

ሥራው ከባድ አይደለም። የአዲስ ቅዳም፣ የእንጅባራና የዳንግላ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ከአንድ ጥያቄ ጋር ወደ እናቶቻቸው ቢልኩ፣ ተማሪውም የሥሩን ስም በአዊኛና በዐማርኛ፣ የሚቆፈርበትን ጊዜ፣ የሚጨመርበትን መጠን በደብተሩ ቢጽፍ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ብሩስ ካየው እጅግ የሚበልጥ መዝገብ ይሰበሰባል። በእንጅባራ ዩኒቨርስቲ የኬሚስትሪ ክፍል ያሉ ወጣቶችም አንድን መቅመቆ በቅቤ፣ በኑግ ዘይትና በሳሙና ውስጥ አስገብተው ቀለሙን በየሳምንቱ ቢያነጻጽሩ፣ ለሳሙና ሠሪው የሚጠቅም እውነተኛ መመሪያ ይወጣል። በዚህ ሥራ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኮስቲክ ሶዳ ሥጋን የሚያቃጥል፣ ዐይንን የሚያጠፋ ነገር ስለሆነ፣ ያለ አዋቂ፣ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር ሊነካ አይገባም። ሥሩ የሚነቀል ተክልም ከነዘሩ እንዳይጠፋ፣ የሚቆፍር ሰው መልሶ መትከልን መልመድ አለበት።

ባለሥልጣኑም በበኩሉ የእጅ ሥራን ለማስፋፋት ዕቅድ ሲያወጣ፣ ከውጭ የሚመጣውን መሣሪያ ከመቁጠሩ በፊት በአካባቢው ያለውን ዕውቀት ቢቆጥር ድካሙ ፍሬ ያፈራል። የሚሸጠው ሳሙና በመልኩ ከባሕር ማዶው ጋር መወዳደር አይጠበቅበትም። የመቅመቆ ቀይ፣ የከሰል ጥቁር፣ የአፈር ቡናማ በራሳቸው ክብር አላቸው፤ ገዢውም ቀለሙ ከየት እንደመጣ በእውነት ሊነገረው ይገባል። የማርሴይ ታሪክ እንዳሳየን፣ ቀለም ምስክር ሆኖ የሚከብረው ሐሰት እስካልገባበት ድረስ ነውና።

የአገው ሸክም ተሸካሚዎች ወደ ጎንደር ሲተሙ በቅላቸው ውስጥ የያዙት ቅቤ ብቻ አልነበረም። አንድ ሥር ከምን ጋር ሲዋሐድ ምን እንደሚሆን የመረመረ ትውልድ ዕውቀትም አብሮ ይጓዝ ነበር። ቅቤው በጎንደር ተበልቶ አልቋል። ዕውቀቱ ግን እስከ ዛሬ ከአንዳንድ ጓዳ አልወጣም፤ ወደ መጽሐፍ ማግባቱ የዚህ ዘመን መምህርና ተማሪ ፋንታ ነው።